ከስክሪን ማረፍ፦ በፈቃድ ሲሆን ዕረፍት፣ በትእዛዝ ሲሆን ቅጣት

ከተንቀሳቃሽ ስልክና ከማኅበራዊ ሚዲያ ለተወሰነ ጊዜ መራቅ ለአእምሮ ጤና ይበጃል የሚለው ምክር ከጤና ባለሙያዎችም፣ ከራሱ ከማኅበራዊ ሚዲያም በተደጋጋሚ ይሰማል። ምክሩ ሲሰጥ በአብዛኛው የሚታሰበው ስልኩን ቢያጠፋ ጥቂት መልእክቶች ሳይነበቡ ከመቆየታቸው በቀር ብዙ የማይጎድልበት ሰው ነው።

በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ ሁኔታው ከዚህ ይለያል። ባለፉት ዓመታት በዚህ አካባቢ ሚሊዮኖች ከኢንተርኔት የራቁት በመንግሥታት ውሳኔ ነው። ስልክም ከመዝናኛ በላይ ነው፤ የገንዘብ ቦርሳ፣ የሥራ ቦታ፣ በስደት ካለ ልጅ ወይም እህት ጋር የሚያገናኝ መስመር ነው። በሌላ በኩል የጦርነት ምስል፣ የጥላቻ ንግግርና ያልተጣራ ወሬ ያለማቋረጥ የሚፈስበት ስክሪን የሚያደርሰው ድካም በዚህ አካባቢ ከሌላው ዓለም የቀለለ አይደለም።

በመሆኑም "ከስልክ ልራቅ ወይስ አልራቅ?" ከሚለው ጥያቄ በፊት ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የሚወስነው ማን ነው? የሚቋረጠው ምንድን ነው? የሚመለሰውስ መቼ ነው?

በትእዛዝ የመጣ ጸጥታ

በኢትዮጵያ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22/2012 ዓ.ም. ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ነበር። በትግራይ ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር የስልክ፣ የኢንተርኔትና የባንክ አገልግሎት ተቋረጠ። በመካከል በከፊል ቢመለስም፣ አብዛኛው የክልሉ ሕዝብ እስከ ጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ ከቀሪው ዓለም ተለይቶ ቆይቷል። በአማራ ክልል ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ግጭቱ ሲባባስ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቷል።

ጎረቤት አገራትም ከዚህ የተለየ ታሪክ የላቸውም። በሱዳን እአአ በ2019 በካርቱም የተቃዋሚዎች የመቀመጥ አድማ በኃይል ከተበተነ በኋላ ኢንተርኔት ከአንድ ወር በላይ ጠፍቷል። ዩጋንዳ እአአ በጥር 2021 ምርጫ ዋዜማ ኢንተርኔትን የዘጋች ሲሆን፣ ፌስቡክ ከምርጫው በኋላም ለዓመታት እንደታገደ ቆይቷል። የሶማሊያ መንግሥትም እአአ በ2023 ቲክቶክና ቴሌግራም እንዲዘጉ አዝዟል።

መንግሥታቱ ለውሳኔያቸው የሚሰጡት ምክንያት አንዳንድ ጊዜ ከጤና ምክሩ ጋር ይመሳሰላል፤ ሁከትን ማብረድ፣ ጥላቻን መግታት፣ ተማሪዎችን ከፈተና ስርቆት መጠበቅ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በ2011 ዓ.ም. ኢንተርኔት ውኃ ወይም አየር አይደለም ማለታቸው ይታወሳል።

ይሁንና መስመር የተቋረጠበት ሰው ከስክሪን ቢርቅም አያርፍም። በትግራይ ጦርነት ወቅት በውጭ አገር የሚኖሩ ቤተሰቦች ወላጆቻቸው በሕይወት መኖራቸውን ሳያውቁ ወራትን አሳልፈዋል። በሱዳን እአአ በየካቲት 2024 ግንኙነት በሰፊው ሲቋረጥ፣ በካርቱም በበጎ ፈቃደኞች የሚካሄዱ የጋራ ማዕድ ቤቶች ገንዘብ የሚቀበሉበት መንገድ ተዘግቶባቸው ሥራ ለማቆም ተገድደዋል። በዚህ ጊዜ ጭንቀቱን ያመጣው ከመጠን በላይ መረጃ ማየት አልነበረም። ምንም አለማወቅ ነበር።

ጥናቶቹ የሚሉትና የማይሉት

በፈቃድ መራቅ ግን ጥቅም እንዳለው የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ጥቅሙም ገደብ አለው።

የአሜሪካ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እአአ በ2018 ከአገሪቱ የአጋማሽ ዘመን ምርጫ ቀደም ብሎ ወደ 2,700 የሚጠጉ የፌስቡክ ተጠቃሚዎችን ያሳተፈ ሙከራ አካሂደዋል። ለአራት ሳምንታት ገጻቸውን የዘጉት ተሳታፊዎች በቀን በአማካይ አንድ ሰዓት ያህል አተረፉ፤ ከቤተሰብና ከወዳጅ ጋር የሚያሳልፉት ጊዜ ጨመረ፤ የደኅንነት ስሜታቸውም በመጠኑ ተሻሻለ። በአንጻሩ ስለ ወቅታዊ ዜና ያላቸው ዕውቀት ቀነሰ።

ለዚህ አካባቢ አንባቢ ይበልጥ የሚያሳስበው በቦስኒያና ሄርዞጎቪና የተካሄደው ነው። እአአ በሐምሌ 2019፣ የስሬብሬኒትሳ የዘር ማጥፋት በሚታሰብበት ሳምንት፣ ተመራማሪዎች የተወሰኑ ሰዎች ፌስቡክን እንዲተዉ አደረጉ። የተዉት ሰዎች የመንፈስ ሁኔታቸው ተሻሻለ። ነገር ግን ለሌላው ብሔር ያላቸው አመለካከት ፌስቡክ ላይ ከቆዩት ይልቅ የከፋ ሆኖ ተገኘ። ይህም በተለይ የታየው በአካል የሚያገኟቸው ሰዎች ሁሉ የራሳቸው ብሔር አባላት በሆኑት ላይ ነው።

የዚህ ግኝት ትርጉም ፌስቡክ የሰላም መሣሪያ ነው ማለት አይደለም። ስክሪኑን የተወ ሰው ወደ ምን እንደሚመለስ መታየት አለበት ማለት ነው። ሰፈሩ፣ የሥራ ቦታውና የቡና አጣጩ ሁሉ አንድ ዓይነት ወሬ የሚያወሩበት ሰው ስልኩን ቢያስቀምጥም የሚሰማው ያንኑ ወሬ ነው። በብሔር በተከፋፈለ ማኅበረሰብ ውስጥ ከማኅበራዊ ሚዲያ መራቅ የራስን ሰላም ሊያስገኝ ይችላል፤ ለጎረቤት ያለን ቅርበት ግን በራሱ አያመጣም።

እአአ በ2025 ፒኤንኤኤስ ኔክሰስ በተባለው የምርምር መጽሔት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ተግባራዊ ፍንጭ ይሰጣል። 467 ተሳታፊዎች ለሁለት ሳምንታት በዘመናዊ ስልካቸው ላይ የሞባይል ኢንተርኔትን እንዲዘጉ ተደረገ። መደወልና አጭር የጽሑፍ መልእክት መላክ ግን ይችሉ ነበር። ብዙዎቹ እስከ መጨረሻው መጽናት ባይችሉም፣ በጥቅሉ ሲታይ የትኩረት ኃይልና የአእምሮ ጤና መሻሻል አሳይተዋል። በሌላ አነጋገር፣ ጥቅሙን ለማግኘት ከሰው መቆራረጥ አላስፈለገም። የቆመው ማለቂያ የሌለው የቪዲዮና የወሬ ፍሰት ብቻ ነበር።

ማየት ሥራቸው የሆነ

ከስክሪን መራቅ የማይችሉ ሠራተኞችም አሉ። በናይሮቢ፣ የፌስቡክ እናት ኩባንያ ለሆነው ሜታ በኮንትራት ይሠራ በነበረው ሳማ በተባለ ድርጅት ውስጥ፣ የይዘት ተቆጣጣሪዎች ሌላው ተጠቃሚ እንዳያያቸው የሚታገዱ ምስሎችን ሲያዩ ይውሉ ነበር። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በሌሎች የአፍሪካ ቋንቋዎች የሚለጠፉ የግድያ፣ የማሰቃየትና የፆታ ጥቃት ቪዲዮዎች በእነሱ ዐይን ያልፉ ነበር።

የቀድሞው ሠራተኛ ደቡብ አፍሪካዊው ዳንኤል ሞታውንግ እአአ በ2022 በኬንያ ክስ መሠረተ፤ በቀጣዩ ዓመት ከ180 በላይ ሠራተኞች በሌላ ክስ ተከተሉ። እአአ በታኅሣሥ 2024 ይፋ የሆኑ የፍርድ ቤት ሰነዶች እንደሚያሳዩት፣ ከ140 በላይ የሚሆኑት ከአሰቃቂ ነገር በኋላ የሚከሰተው የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለባቸው በሐኪም ተረጋግጧል። ሜታ በበኩሉ አብረውት የሚሠሩ ድርጅቶች የሥነ ልቦና ድጋፍ እንዲሰጡ እንደሚጠይቅ ይናገራል። የኬንያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እአአ በመስከረም 2024 ኩባንያው በአገሪቱ ሊከሰስ እንደሚችል ወስኗል።

ጉዳዩ የሚያስታውሰው አንድ ነገር አለ። የስክሪን ጉዳት የግል ራስን የመግዛት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሲቀርብ፣ ስክሪኑን በሚያቀርቡት ኩባንያዎችና በአሠሪዎች ላይ ያለው ኃላፊነት ይሸሸጋል።

ስልክ ማጥፋት የማይችሉ

በኬንያ ኤምፔሳ እአአ በ2007፣ በኢትዮጵያ ቴሌብር እአአ በ2021 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ የገንዘብ ዝውውር ወደ ስልክ ገብቷል። የጉልት ነጋዴዋ ክፍያዋን፣ የሞተር ብስክሌት አሽከርካሪው ደንበኛውን የሚያገኘው በስልክ ነው። ለእነሱ አንድ ቀን ስልክ ማጥፋት የአንድ ቀን ገቢ ማጣት ሊሆን ይችላል።

በባሕረ ሰላጤው አገራትና በሊባኖስ በቤት ሠራተኝነት ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኬንያውያን ሴቶች ደግሞ ስልክ የደኅንነት ጉዳይ ነው። አሠሪዎች ስልካቸውን እንደሚነጥቋቸው ሂዩማን ራይትስ ዎችና አምነስቲ ኢንተርናሽናል በተደጋጋሚ መዝግበዋል። ስልኳ የተወሰደባት ሠራተኛ የምትረዳበት መንገድ ተዘግቶባታል።

የቢሮ ሠራተኛው ችግር ሌላ ነው። ከሥራ ሰዓት በኋላ አለቃው በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ቡድን ሲጠራው ዝም ማለት ይከብደዋል። ፈረንሳይ ከ2017 ጀምሮ ከሥራ ሰዓት ውጭ ያለመገናኘትን መብት በሕግ ደንግጋለች። በኬንያም እአአ በ2022 ተመሳሳይ መብት የሚሰጥ ረቂቅ በሴናተር ሳምሶን ቼራርጌይ አማካይነት ለሴኔቱ ቀርቦ ነበር። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ጊዜ በቀን ከስምንት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል፤ ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ሳምንታዊ ዕረፍትም ይሰጣል። ሌሊት የሚመጣ የአለቃ መልእክት ይህን ዕረፍት ማቋረጡ ወይም አለማቋረጡ የሕግ ጥያቄ ሆኖ መነሳት ይኖርበታል።

አገሬው የሚያውቀው መታቀብ

ለዚህ አካባቢ ሕዝብ በፈቃድ መታቀብ እንግዳ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ይጾማሉ፤ ሙስሊሞች ረመዳንን ወር ሙሉ ይጾማሉ። በሁለቱም እምነቶች ጾም ከምግብ ባሻገር ዐይንን፣ ጆሮንና አንደበትን መግዛት እንደሚጨምር ይሰበካል። በእስራኤል የሚኖሩ ሰንበትን አክባሪ ቤተ እስራኤላውያንም ከዓርብ ምሽት እስከ ቅዳሜ ምሽት ስልክ አይነኩም።

እነዚህ ልማዶች ጸንተው የቆዩት በእምነት ነው፤ አሠራራቸው ግን ለማንም ትምህርት ይሆናል። መጀመሪያና መጨረሻቸው ይታወቃል። ብዙ ሰው በአንድነት ስለሚፈጽማቸው የጠፋውን ሰው የሚፈልገው፣ ዝም ያለውን የሚቀየመው የለም። ለታመመ፣ ለሕፃንና ለመንገደኛም አስተያየት አላቸው።

ከስክሪን ዕረፍት የሚሻ ሰውም በዚሁ መንገድ ቢሄድ ይቀለዋል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ንጋት መልስ እንደማይሰጥ ለቤተሰቡና ለሥራ ባልደረቦቹ አስቀድሞ ቢያሳውቅ፣ የስልክ ጥሪን ክፍት ትቶ የሞባይል ዳታን ቢዘጋ፣ የክፍያ መተግበሪያውን አስቀርቶ የቪዲዮ መተግበሪያዎችን ማሳወቂያ ቢያጠፋ፣ ገቢውንም ዘመዱንም ሳያጣ ሊያርፍ ይችላል። ወላጆችም የዓለም ጤና ድርጅት እአአ በ2019 ያወጣውን ምክር ሊከተሉ ይችላሉ፤ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ስክሪን ጨርሶ አይመከርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት በቀን ከአንድ ሰዓት መብለጥ የለበትም።

የዚህ ሁሉ ቅድመ ሁኔታ ግን ዕረፍቱ ሲያበቃ መስመሩ በቦታው መገኘቱ ነው። ነገ ኢንተርኔት ይኑር አይኑር እርግጠኛ ያልሆነ፣ በግጭት አካባቢ ዘመድ ያለው ሰው ስልኩን ዛሬ ማታ ከእጁ ለማስቀመጥ ይፈራል። መንግሥታት የዜጎቻቸው አእምሮ ሰላም እንዲያገኝ ከፈለጉ፣ በእጃቸው ያለው የመጀመሪያው እርምጃ መስመሩን አለማቋረጥ ነው።