አታጨብጭቡለት፣ አትሳቁበት፤ ብየዳውን እዩለት

በቤት የተሠራ የሳይክል ዕቃ እዚህ መንደር በተለጠፈ ቁጥር ሁለት ዓይነት ሰው ከሥሩ ይሰለፋል። አንዱ «ጎበዝ! የሀገር ኩራት! የሚመለከተው አካል ይደግፈው!» ይላል። ሌላው «ሰው ጨረቃ ላይ ወጥቶ ተመለሰ፣ የኛ ልጅ ገና ቧንቧ ይበይዳል» ብሎ የሳቅ ምልክት ይደረድራል። ከዚያ ሁለቱ እርስ በርስ ይሞላለጫሉ፤ ልጁም ዕቃውም ይረሳሉ።

ዛሬ ጠቤ ከሁለቱም ጋር ነው። አጨብጫቢውና ፌዘኛው የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ አንድ ናቸው። ሁለቱም ዕቃውን አላዩትም። ብረቱ ምን ብረት ነው? ውፍረቱ ስንት ነው? ብየዳው ውስጥ ድረስ ገብቷል ወይስ ከላይ ተለጥፎ ነው? ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው እስኪ ፈልጉልኝ። ሥራን ሳያዩ ማድነቅም፣ ሳያዩ ማጣጣልም ያው ንቀት ነው። ሠሪውን ከቁም ነገር የቆጠረ ሰው ሥራውን ይመረምርለታል።

ለማታውቁት ላስረዳ። ቢኤምኤክስ ማለት ባለ 20 ኢንች ጎማ፣ ማርሽ የሌለው፣ ለአፈር ላይ ውድድርና ለዝላይ የሚሆን አጠር ያለ ሳይክል ነው። የሰፈራችን ልጆች እውነተኛውን ከየት ያመጡታል? ያላቸው ተራ የልጆች ባለ 20 ነው። ፓራፋንጎውን ነቅለው ይጥላሉ፣ መሪውን ከፍ ያስደርጋሉ፣ የኋላ ጎማ ዘንግ ጫፍ ላይ ፔግ ይገጥማሉ። ፔግ እግር የሚቆምበት፣ የደረጃ ጠርዝ ላይ የሚንሸራተቱበት አጭር ቱቦ ነው። ሱቅ ሄደው «ፔግ አለ?» ቢሉ ባለሱቁ ራሱ «ምንድን ነው እሱ?» ይላቸዋል። ስለዚህ ቁራጭ የውሃ ቧንቧ ይዘው የሰፈር በያጅ ጋ ይሄዳሉ።

በዚህ ምንም ነውር የለበትም። ስፖርቱ ራሱ የተወለደው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ሽዊን የተባለው የአሜሪካ ሳይክል ፋብሪካ ስቲንግ ሬይ የሚባል የልጆች ሳይክል አወጣ። ሰፈር ውስጥ ለመንሸራሸር የተሠራ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የደቡብ ካሊፎርኒያ ልጆች የሞተርሳይክል ውድድር አይተው ያንኑ ሳይክል አፈር ላይ ያዘልሉት ጀመር። ፎርኩ ጎበጠ፣ ፍሬሙ ተሰነጠቀ። ጋራዥ ውስጥ ተበየደ፣ ብረት ተደረበለት፣ እንደገና ተሰበረ፣ እንደገና ተሠራ። ቦብ ሃሮ የተባለው ወጣት የጀመረው ለተወዳዳሪዎች የቁጥር ሰሌዳ ቤቱ ውስጥ በመሥራት ነው፤ ኋላ በስሙ የሚጠራ የሳይክል ኩባንያ ወጣው። ያ የሰፈር ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ ላይ ኦሊምፒክ ገባ።

አጨብጫቢው ከዚህ ታሪክ የሚወስደው «አያችሁ፣ ከምንም ተነስተው!» የሚለውን ብቻ ነው። ዋናውን ነገር ይዘለዋል። ያ ሥራ ያደገው ዕቃው በተሰበረ ቁጥር «የት ጋ ተሰበረ? ለምን?» ስለተባለ ነው።

ከቢኤምኤክስ ወጣ ብዬ አንድ ሌላ ሳይክል ልጨምር። ስኮትላንዳዊው ግሬም ኦብሪ ሳይክሉን ራሱ ነው የሠራው። ፔዳሎቹን የሚያሽከረክረው ዘንግ ላይ ከልብስ ማጠቢያ ማሽን የወጣ ኩሽኔታ ገጠመ። እ.ኤ.አ. በ1993 ኖርዌይ፣ ሃማር ላይ በዚያ ሳይክል በአንድ ሰዓት 51.596 ኪሎ ሜትር ነድቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ፈራጁ ሰዓቱና ሜትሩ ነበሩ። የቤት ሥራ ነው ተብሎ አንዲት ሜትር አልተጨመረለትም፤ የቤት ሥራ ነው ተብሎም አንዲት ሜትር አልተቀነሰበትም። ለልጆቻችን የምለምነው ይህንኑ ነው።

ወደ ቤታችን እንምጣ። የፌዘኛው ነገር አዲስ አይደለም። ብረት የሚሠራውን «ቀጥቃጭ»፣ ቆዳ የሚያለፋውን «ፋቂ»፣ ሸማ የሚሠራውን «ቁጢት በጣሽ» እያልን የኖርን ሰዎች ነን። ማረሻውን እየገዛን ማረሻውን የሠራውን «ቡዳ ነው» ብለን ከማዕድ አራቅነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ይኸው መቶ ዓመት አልፎት ያ ስድብ የሳቅ ምልክት ሆኖ ስልካችን ውስጥ ገብቷል።

ጭብጨባውስ? ጭብጨባው የዚያው ስድብ የልጅ ልጅ ነው። «ለእናንተ ይሄም ትልቅ ነገር ነው» ማለት ነው። ሐኪም የሰፋውን ቁስል ፎቶ አይተን «ይደገፍ!» አንልም፤ «ቁስሉ ዳነ ወይ?» ነው የምንለው። ሐኪሙን ስለምናከብር ሥራውን እንጠይቃለን። በያጁን ግን አንጠይቅም፤ ወይ እናሞግሰዋለን ወይ እንስቅበታለን።

ይህ የወሬ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። አንድ የማውቀው የ13 ዓመት ልጅ የሳይክሉን መሪ ከግማሽ ኢንች የውሃ ቧንቧ አሠራ። ቪዲዮው ተለቀቀ፤ ተጨበጨበለት። ቧንቧው የተቀጠለው መሀል ላይ፣ ጫፍ ለጫፍ፣ ውስጡ መደገፊያ ሳይገባበት ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከእግረኛ መንገድ ወደ አስፋልት ሲወርድ ያ ቅጥል ተቆረጠ። ከፍታው አንድ ስንዝር አይሞላም። ሁለት የፊት ጥርሱ ሄደ። የበየደው ሰው ብሩን ተቀብሎ ጉዳዩን ዘግቷል። ያጨበጨቡት ወደ ሌላ ቪዲዮ አልፈዋል። ፌዘኞቹ ደግሞ የወደቀበትን ቪዲዮ አግኝተው ሳቁ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንዱ «ቅጥሉን እስኪ በቅርብ አሳየኝ» ቢለው ኖሮ ልጁ ዛሬ ጥርሱን ሸፍኖ አይስቅም ነበር።

ታዲያ ምን እንይ? ዎርክሾፕ ያስተማርኳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለሌላው ልናገር።

አንደኛ፣ ልኩን እዩ። የሳይክል መሪ እጀታው የሚገባበት ቦታ 22.2 ሚሊ ሜትር ነው። ግማሽ ኢንች የምንለው የውሃ ቧንቧ የውጭ ልኩ 21.3 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ አንድ ሚሊ እንኳ አይሞላም፣ በዓይን አይያዝም። ግን የእጀታው ጎማ እጅ ላይ ይዞራል፣ የፍሬኑ መያዣም ይንሸራተታል። በካሊፐር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ የተሰቀለበትን እዩ። ፔጉ የፈለገውን ያህል ቢጠነክር ሰውየውን የሚሸከመው ዘንጉ ነው። ለፔግ የተሠራው የቢኤምኤክስ የኋላ ዘንግ 14 ሚሊ ነው። የተራው የልጆች ሳይክል ዘንግ ብዙ ጊዜ 10 ሚሊ ገደማ ነው። «አራት ሚሊ ምን አላት?» እንዳትሉ። ዘንግ መታጠፍን የሚቋቋምበት አቅም የሚያድገው በውፍረቱ ኩብ ነው። 1.4ን ሦስት ጊዜ አባዙት፤ 2.7 ይመጣል። ብረቱ አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ ባለ 14ቱ 2.7 እጥፍ ይሸከማል። ፔጉ በረዘመ ቁጥር ደግሞ ጫናው ይብሳል። ስለዚህ «ምን የመሰለ ፔግ!» ከማለታችሁ በፊት «ዘንግህ ስንት ነው?» በሉት።

ሦስተኛ፣ ብረቱን እዩ። ደህና የቢኤምኤክስ ፍሬምና ፎርክ የሚሠራው ክሮሞሊ ከሚባል፣ ክሮሚየምና ሞሊብዲነም ከተጨመረበት ብረት ነው። የውሃ ቧንቧ ለስላሳ ብረት ነው፤ ውሃ ሊያሳልፍ እንጂ ዝላይ ሊሸከም አልተሠራም። ለፔግ ይሆናል፤ ተፈግፍጎ ሲያልቅ ትቀይሩታላችሁ። ለፎርክ አይሆንም። ጋልቫናይዝድ ከሆነ ደግሞ የሚበየድበት ቦታ ዚንኩ ሙልጭ ብሎ መሞረድ አለበት። ካልተሞረደ ብየዳው ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል፤ ጭሱን የማገ ሰውም ማታውን ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ሊይዘው ይችላል። በር ዘግታችሁ የምትበይዱ፣ ለእናንተም ጭምር ነው የምናገረው።

አራተኛ፣ ብየዳውን እዩ። ብረት ይደክማል። በአንድ ዝላይ ያልተሰበረ በሺህኛው ይሰበራል፤ ያውም ሳይጎብጥ፣ ሳያስጠነቅቅ። ስንጥቁ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው የብየዳው ጠርዝ ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ነው። ይህን ለማየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ቀለሙን አንሱ፣ ቦታውን በላምባ አርሱት፣ ጥቂት ቆይታችሁ በጨርቅ ድርቅ አድርጋችሁ ጥረጉት፣ ከዚያ ጠመኔ ቀቡት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ላምባ ወጥቶ ጠመኔው ላይ መስመር ይሠራል። አንድ ጠመኔና አንድ ብርጭቆ ላምባ ከሺህ ላይክ ይበልጣል።

ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ይህ ዕቃ ቢሰበር ምን ይሆናል?» የቁጥር ሰሌዳ ቢሰበር ምንም አይሆንም። የካቴና መከለያ ቢሰበር ይንኳኳል። ፔግ ቢሰበር እግር ይንሸራተታል፣ ቁርጭምጭሚት ይላጣል። ፎርክ ቢሰበር ግን መሬት የሚቀድመው ፊት ነው። መሪም፣ መሪውን የሚይዘው አንገትም እንደዚያው። ስለዚህ ልጆች፣ ከሰሌዳው ጀምሩ፣ ወደ መከለያው እለፉ፣ ፔግ ሥሩ። ፎርክና መሪ ብረቱን የሚያውቅ፣ የሚለካና የሚፈትን ሰው አጠገባችሁ እስኪኖር ይቆይ። ይህን ማለት ሞራል መንካት አይደለም።

«መምህር፣ ተው እንጂ፣ ልጆቹን ተስፋ ታስቆርጣለህ» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። ዎርክሾፕ ውስጥ ዓመታት ያየሁትን ልንገራችሁ። «ጎበዝ» የተባለ ተማሪ ሞረዱን አስቀምጦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሥራው ላይ በጠመኔ ክብ ተደርጎ «እዚህ ጋ ሁለት ዐሥረኛ ይቀረዋል» የተባለ ተማሪ ግን ፊቱን አጥቁሮም ቢሆን ይመለሳል። ተስፋ የሚያስቆርጠው ሥራህን ማንም እንዳላየው ማወቅ ነው።

«ለምን ኦርጅናል አይገዛም?» የሚለውም አለ። በየትኛው ብር? ከየትኛው ሱቅ? ደግሞስ መግዛት ብቻ የለመደ ልጅ ምን ያውቃል? የግራ ፔዳል ፊሌቶ በተቃራኒ እንደሚዞር ማንም ያልነገረው ልጅ ኦርጅናሉን ፔዳል በኃይል ገጥሞ ጥርሱን ይበላዋል። ከዚያ ምን ያደርጋል? ወስዶ ክራንኩ ላይ ያስበይደዋል። የጎደለው ኦርጅናል ዕቃ አልነበረም፤ ሁለት ደቂቃ የሚያሳየው ሰው ነበር።

አሁን ለእናንተ ነው፣ ተማሪዎቼ የነበራችሁ። ስንቶቻችሁ ዛሬ የራሳችሁ ቶርኖና የብየዳ ማሽን አላችሁ። ምናለሽ ተራም ያላችሁ አላችሁ፣ ሰፈር ውስጥ የከፈታችሁም አላችሁ። ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። ልጅ የተሰበረ ፎርክ ይዞ «በይድልኝ» ሲላችሁ ብሩን አትቀበሉ፤ ለምን እንደማይበየድ አሳዩት። ፔግ ሲያሠራ ካሊፐሩን ለእሱ ስጡት፣ ራሱ ይለካ። ከሥራ የተረፈ፣ ምን ብረት እንደሆነ የምታውቁት ቁራጭ ካለ ለብረት ሰብሳቢ ከመሸጣችሁ በፊት አንዱን ለእሱ አስቀምጡለት።

ማሽን የሌላችሁ ደግሞ ጥያቄ አላችሁ። ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ስታዩ ከላይኩም ከሳቁም በፊት አንድ ጥያቄ ጻፉለት፤ ከላይ አራት ሰጥቻችኋለሁ።

«ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ» እያላችሁ ልጆቹን አታስፈራሩብኝ። ጠግበውም ሳይጠግቡም ይዘላሉ፤ ልጆች ናቸው። የኛ ድርሻ የተሳፈሩበትን ብረት ማየት ነው።

በእጃችሁ የሠራችሁት የሳይክል ዕቃ ያላችሁ ልጆች ፎቶውን ከታች አድርጉ። እዚህ ገጽ ላይ ቶርነሮችም በያጆችም አሉ፣ ያዩላችኋል። ከሩቅ አምሮ የሚታይበትን ሳይሆን ብየዳው በቅርብ የሚታይበትን ፎቶ አንሱልን።