ገበጣ ለሱቅ ሠራተኞች የሒሳብ ልምምድ

የንግድ ሥራ ከሁሉ አስቀድሞ በቁጥር የሚመራ መሆኑን የማያውቅ ነጋዴ የለም። ይሁን እንጂ ዛሬ በብዙ ሱቆች የሚሠሩ ወጣቶች እያንዳንዱ 8 ብር የሚሸጥ 7 ዕቃ በጠቅላላው ስንት እንደሚያወጣ ሲጠየቁ፥ በራሳቸው ከማሰብ ይልቅ እጃቸውን ወደ ስልካቸው ይሰዳሉ። መሣሪያው ራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ጣት ስቶ 56 ብር 560 ብር ሁኖ በታየ ጊዜ ስሕተቱን የሚይዘው የሰው አእምሮ ነው፤ ግምት ያልለመደ ሠራተኛ ግን የታየውን ሁሉ አምኖ ይቀበላል። ከዚህም የተነሣ አንድ ቀን ባለሱቁ ይከስራል፤ ሌላ ቀን ደንበኛው ይበደላል። የተበደለ ደንበኛም ተመልሶ አይመጣም።

ለዚህ ችግር መድኃኒት ሲፈለግ፥ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ እንዳይቆጠር መጠንቀቅ ይገባል። ገበጣ አባቶች ከእንጨት በተጠረበ ሰሌዳ ላይ፥ ያም ባይገኝ በመሬት ላይ በተቆፈሩ ጉድጓዶች ሲጫወቱት የኖሩት ጨዋታ ነው። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፥ በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙ ከመቶ የሚበልጡ የጨዋታውን ዓይነቶች መዝግበዋል።

ለምሳሌ በሁለት ረድፍ 12 ጉድጓዶች ያሉት፥ በየጉድጓዱም 4 ጠጠር የሚደረግበት ገበጣ ቢወሰድ፥ ጠጠሩ በጠቅላላው 48 ይሆናል። ጨዋታው ገፍቶ በተጫዋቹ 5ኛ ጉድጓድ 14 ጠጠር ተከማችቷል እንበል። የተነሣበትን ጉድጓድ ሳይዘል አንድ አንድ እያደረገ ሲያድል የመጨረሻው ጠጠር የት ይወድቃል? 5 ሲደመር 14፥ 19 ነው፤ ከዚህ 12 ሲቀነስ 7 ይቀራል፤ ይኸውም የባላጋራው የመጀመሪያ ጉድጓድ ነው። 19 ፍሬ 1 ደርዘንና 7 ፍሬ መሆኑን ለሚያሰላ ነጋዴ ይህ እንግዳ ሒሳብ አይደለም።

ሆኖም ጨዋታ ብቻውን አያስተምርም። ጊታ ራማኒና ሮበርት ሲግለር የተባሉ ተመራማሪዎች በአውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ አገር፥ ከ1 እስከ 10 ቁጥር በተጻፈበት ሰሌዳ የድኻ ቤተሰብ ሕፃናትን አጫውተው ነበር። ሕፃናቱ መጫወቻውን ሲያራምዱ ቁጥሩን በአፋቸው ይጠሩ ነበር፤ የቁጥር ዕውቀታቸውም ተሻሻለ፤ መሻሻሉም ከ9 ሳምንት በኋላ ታየ። በቁጥር ፈንታ ቀለም ብቻ ባለበት ሰሌዳ የተጫወቱት ግን ይህን ጥቅም አላገኙም። ጥናቱ ስለ ሕፃናትና ስለ ሌላ ጨዋታ ስለ ሆነ ለገበጣ ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ ነገር ግን ጥቅሙ ከሰሌዳው ሳይሆን ቁጥሩን አስቦ ከመጥራት እንደሚገኝ ያመለክታል።

ስለዚህ ገበጣን በሱቁ ለመፈተን የሚወድ ነጋዴ አንድ ደንብ ያጽና። ተጫዋቹ ጠጠሩን ከማንሣቱ በፊት የመጨረሻው የት እንደሚወድቅ ይናገር፤ ከሳተ ተራው ይለፈው። የአጨዋወቱ ሕግ ከአገር አገር ስለሚለያይ፥ እንደ ንግድ ውል ሁሉ አስቀድመው ይስማሙበት።

ጨዋታ ሠራተኛን ያሰንፋል የሚሉ ይኖራሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ስለዚህ ጨዋታው ከምሳ ዕረፍት እንዳያልፍ፥ ገንዘብም እንዳይያዝበት ይደረግ። አሠሪው በመጀመሪያው ቀን ስለ ዋጋና ስለ መልስ 20 ጥያቄ ያለ ስልክ አሠርቶ ስሕተቱንና የፈጀውን ደቂቃ ይመዝግብ፤ ከአንድ ወር በኋላም ክብደታቸው እኩል የሆነ ሌሎች 20 ጥያቄዎች ያሠራ። ለውጥ ካልታየ ልምምዱን ይተወው፤ የሚጐዳው 48 ጠጠር ለመልቀም ያጠፋው ጊዜ ብቻ ነው። ለውጥ ከታየ ግን ደንበኛው በመልሱ፥ ባለሱቁም በመዝገቡ ይተማመናሉ።