ማታ የት ታጠናለች?

ልጅዎን ወደ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ለመላክ በሶውን ቋጥረው፣ ብርድ ልብሱን ሸክፈው ሲያሰናዱ «የት ነው የምታጠኚው?» ብለው ጠይቀዋታልን? ብርድ ልብሱስ በዚያ ሙቀት ብዙም አያስፈልጋት ይሆናል።

በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተከፈተው ይህ ተቋም በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ከተማዋ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ ስለምትገኝ በተለይ ከጨንቻ ደጋ ለወረደች ልጅ የቀትሩ ሙቀት ይከብዳታል። በዚያ ሰዓት መኝታ ክፍል ውስጥ መጽሐፍ መግለጥ እንቅልፍን መጥራት ነው። ከባዱን ትምህርት በማለዳው ቅዝቃዜ ብታጠና፣ ቀትር ላይ በዛፍ ጥላ ሥር ማስታወሻዋን ብትገለብጥ ይበጃታል።

ችግሩ ማታ ነው። አንዳንድ እናቶች «ሲመሽ ከክፍልሽ እንዳትወጪ» እያሉ ልጃቸውን ያስምላሉ። ፍርሃቱ ከንቱ ነው አንልም። ይሁንና ወንድሞቿ በቤተ መጻሕፍት ሲያመሹ እርሷ ግን አንዷ በምትተኛበት፣ ሌላዋ በምታወራበት ክፍል አልጋ ላይ ተኮራምታ ታነባለች። ፈተና ሲደርስ ልዩነቱ ይታያል።

ከመሐላው ይልቅ ከመኝታ ክፍል ጓደኞቿ ጋር ሦስት አራት ሆነው እንዲሄዱ፣ የመመለሻውን ሰዓት አስቀድመው እንዲቆርጡ፣ መብራት ባለበት መንገድ እንዲመለሱ ይምከሯት። ባዶ የመማሪያ ክፍል ጸጥታ አለው፤ ብቻዋን ግን አትቀመጥበት። የመንገዱ አምፖል ከተቃጠለም በአንድነት ለተማሪዎች ዲን ያመልክቱ። በስልክ ሲያነጋግሯትም ከውጤቷ አስቀድመው፣ ማታ አብረዋት የሚመለሱት እነማን እንደሆኑ ይጠይቋት።