ዛሬ ነገ የማለት ልማድ

የዕድር መዋጮ በቀኑ ይከፈላል፤ የልጆች የደንብ ልብስም ሳይታጠብ አያድርም። ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር ግን «ለሚቀጥለው ሳምንት» እየተባለ ዓመት ያልፋል። ለመሆኑ ሰው የሚጠቅመውን እያወቀ ዛሬ ነገ የሚለው ስለምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ነገሩን ከስንፍና እንቆጥረዋለን። የሥነ ልቦና አጥኚዎች እንደሚያስረዱት ግን ጉዳይን ማሳደር በአብዛኛው ጉዳዩ ከሚቀሰቅሰው ስጋት፣ መሰልቸት ወይም ኀፍረት ለጊዜው መሸሽ ነው። «ነገ» ሲባል ልብ ቀለል ይላል፤ በማግሥቱ ግን ስጋቱ ጸጸት ጨምሮ ይመለሳል።

የልማዱም መልክ ልዩ ልዩ ነው። አንደኛው ፍርሃት ነው፤ ይኸውም «መጥፎ ነገር ቢነግሩኝስ» ብሎ ምርመራን መሸሽ ነው። ሁለተኛው «ሁሉ ሲመቻች» የሚለው ነው፤ ልጆች እስኪያድጉ፣ ደመወዝ እስኪጨመር እየተባለ የማታ ትምህርት ምዝገባ በየዓመቱ ያመልጣል። ሦስተኛው በሥራ የተሸፈነው ነው፤ በርበሬው ይቀነጠሳል፣ ቁም ሣጥኑ ይስተካከላል፣ ዋናው ጉዳይ ብቻ ይቀራል። ትጋት ስለሚመስል ከሁሉ ይበልጥ የሚያታልለው ይህ ነው።

ከእነዚህ ለይተን ልናየው የሚገባም አለ። ቀኑን በመሥሪያ ቤት ወይም በፋብሪካ ውላ ማታ ወደ ምድጃዋ የምትመለስ እናት ጉዳይዋን የምታሳድረው ጊዜ ስላጣች ነው። ለእርስዋ መድኃኒቱ ተግሣጽ ሳይሆን ባልና ልጆች የቤቱን ሥራ መካፈላቸው ነው።

ዛሬ ነገ ማለት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት የማኅፀን በር ካንሰርን እንውሰድ። በአገራችን ምርመራው በተለይ ከ30 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ላሉ ሴቶች ይመከራል። በማኅፀን በር ላይ የሚጀምረው ለውጥ ወደ ካንሰር እስኪደርስ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ዓመታት ይፈጅበታል፤ በዚያ ጊዜ ሕመም አይሰማም። ቀድሞ ከተደረሰበት በቀላል ሕክምና ይወገዳል። ስለሆነም «አላመመኝም» ብሎ መቆየት ሊድኑበት የሚችሉበትን ጊዜ ማባከን ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፒተር ጎልቪትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ መቼና የት እንደሚሠራ አስቀድሞ የተቆረጠ ጉዳይ እንዲሁ ከታሰበው ይልቅ ለመፈጸም እንደሚቀና አስረድተዋል። እርስዎም «አንድ ቀን እሄዳለሁ» ከማለት ይልቅ «ማክሰኞ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት እንዳደረስሁ በዚያው ወደ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ» ይበሉ። ፍርሃት ቢይዝዎ እኅትዎን ወይም ጎረቤትዎን አስከትለው ይሂዱ። ጉዳዩ ቢበዛብዎ ከትንሹ ይጀምሩ፤ ለማታ ትምህርቱ ዛሬ የምዝገባውን ቀን መጠየቅ ብቻ ይበቃል።

የእናት ጤንነት ለቤቱ ምሰሶ ነው። ለልጆችዎ የማያሳድሩትን ለራስዎም አያሳድሩ።