ተማሪው ራሱ ያዘጋጅ

በአሜሪካው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ የሆነው ስክራች፣ ልጆች የትእዛዝ ብሎኮችን እያገጣጠሙ የራሳቸውን ታሪክ፣ ጨዋታና አኒሜሽን የሚያዘጋጁበት ነፃ ፕሮግራም ነው። በአማርኛም መጠቀም ይቻላል፤ አንዴ ከተጫነ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

የውኃን ዑደት በቃሉ ያጠና ተማሪ ፈተናውን ያልፍ ይሆናል። ዑደቱን በስክራች ለማሳየት የተነሳ ግን ትነቱ ከየት እንደሚጀምር፣ ደመናው እንዴት እንደሚፈጠር፣ ዝናቡም ወዴት እንደሚፈስ በቅደም ተከተል ማዘዝ አለበት። ያልገባው ነገር ካለ ስክሪኑ ላይ ወዲያው ይጋለጣል።

የኮምፒውተር ክፍለ ጊዜ በመተየብ ልምምድ ብቻ ማለቅ የለበትም። ትምህርት ሚኒስቴርና የክልል ትምህርት ቢሮዎች መምህራንን በስክራች አጠቃቀም ያሠልጥኑ፤ ተማሪዎች ያዘጋጁት ሥራም ከፈተናው ጎን ውጤት ይያዝለት።