ጠገራ ብር በዓመተ ምሕረቱ አይሸጥም

«ጽሑፉን አንብበው፤ 1780 ይላል። ከ240 ዓመት በላይ የኖረ ዕቃ ነው።» የማርትሬዛ ብር ለሽያጭ ሲቀርብ ከደላላ አፍ ቀድሞ የሚወጣው ቃል ይህ ነው። ቁጥሩ በእርግጥ ተጽፏል፤ ዕድሜው ግን ከቁጥሩ አይታወቅም። የጠገራን ገበያ የሚያበላሸውም ይህ ግማሽ እውነት ነው።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ እንደ ሌላው የበጌምድር አገር ሁሉ፣ ጠገራ ብር ለገበያ መገበያያ፣ ለግብር መክፈያ፣ ለጥሎሽና ለጌጥ ሲያገለግል ኖሯል። ከዚያ ዘመን የተረፈው ዛሬ ወይ በአያት ድሪ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ወይ በጨርቅ ተቋጥሮ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ከሣጥን የሚወጣው አዝመራ ሲከዳ፣ ሰው ሲታመም ወይም ልጅ ለትምህርት ሲላክ ነው። በችግር ቀን የሚሸጥ ዕቃ ደግሞ ዋጋውን የሚቆርጠው ገዢው ነው። ነፋስ መውጫ ወይም መካነ ኢየሱስ ላይ በግምት የተገዛ ብር ደብረ ታቦርንና ባሕር ዳርን አልፎ አዲስ አበባ ሲደርስም እንደገና በግምት ይሸጣል። በዚህ መንገድ ባለቤቷ ከሚገባት በታች ታገኛለች፤ የመጨረሻው ገዢ ደግሞ ከሚገባው በላይ ይከፍላል።

ቁጥሩ የማይናገረው

ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1780 ነው። ብሩ ግን ከእሷ ጋር አልሞተም። በቀይ ባሕርና በምሥራቅ አፍሪካ ያለው ነጋዴ የሚያምነው ያንን መልክ ብቻ ስለነበር፣ ብር አታሚዎች መልኩንም ዓመቱንም ሳይለውጡ ማተማቸውን ቀጠሉ። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1935 የማተሙን መብት ከኦስትሪያ ወስዶ በሮም አሳተመ። በማግሥቱ ዓመት ለንደን ጀመረች፤ ፓሪስ፣ ብራሰልስ፣ ቦምቤይና በርሚንግሃምም ተከተሉ። በጠቅላላው ከ300 ሚሊዮን በላይ ታትሟል። የቪየና ብር ማተሚያ እስከ ዛሬም ያትመዋል።

እንግዲህ 1780 የሚል አንድ ብር በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የገባ፣ ወይም ለጣሊያን ወረራ የታተመ፣ ወይም በቅርቡ ከቪየና የወጣ ሊሆን ይችላል። የየማተሚያውን ሥራ የሚለየው የንስሩ የጅራት ላባ አሠራር፣ የንግሥቲቱ ጌጥ ዕንቁዎችና የፊደሎቹ ቅርጽ ነው። የድሮ ሰው ዕንቁዎቹን ቆጥሮ፣ ብሩን ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ሰምቶ ነበር የሚቀበለው። የዛሬ ነጋዴ ቁጥሩን ብቻ አይቶ የሚገዛ ከሆነ ከአያቱ ያነሰ ጥንቃቄ አድርጓል ማለት ነው።

መጀመሪያ ሚዛን

ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው የወርቅ ሚዛን ነው። ትክክለኛ ማርትሬዛ 28.07 ግራም ያህል ይመዝናል። ከአንድ ሺሕ እጁ 833ቱ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። ንጹሕ ብሩ 23.39 ግራም፣ ማለትም የአንድ አውንስ ሦስት አራተኛ ያህል ይሆናል። በመሆኑም የዕለቱን የዓለም የብር ዋጋ የሚያውቅ ነጋዴ የጠገራውን የመጨረሻ ዝቅተኛ ዋጋ በአፉ ማስላት ይችላል። አውንሱ 20 ዶላር ቢሆን ብረቱ ብቻ 15 ዶላር ነው። ከዚህ በታች መግዛት ንግድ ሳይሆን የሻጩን አለማወቅ መብላት ነው።

ሚዛን ብቻውን ግን አይበቃም፤ አስመሳዩ ክብደቱንም አስተካክሎ ሊመጣ ይችላል። ለዚህ ውኃ ይረዳል። ውኃ የያዘ ብርጭቆ ሚዛን ላይ ይቀመጥና ሚዛኑ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ከዚያ ብሩ በቀጭን ክር ታስሮ፣ የብርጭቆውን ሥርና ጎን ሳይነካ፣ ሙሉ በሙሉ ይጠልቃል። ትክክለኛው ጠገራ ሚዛኑን ወደ 2.75 ግራም ያሳያል። ከመዳብና ከኒኬል ተሠርቶ ብር የተቀባው ከ3.1 ግራም በላይ ይላል። ማግኔት ግን እዚህ ላይ አያስተማምንም፤ ብሩንም አይስብም፣ መዳብና ኒኬሉንም በአብዛኛው አይስብም።

ቀጥሎ ገጽታው

ብረቱ ከተረጋገጠ በኋላ የሰብሳቢው ጥያቄ ይመጣል። አሜሪካዊው ዊሊያም ሼልደን እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጡት ከ1 እስከ 70 የሚደርስ መለኪያ ዛሬ በውጭ ገበያ የተለመደ ነው። ለአገር ቤት ነጋዴ ሰባ ደረጃ አያስፈልገውም፤ አራት ይበቃዋል። የንግሥቲቱ ፀጉርና የንስሩ ላባ ጥርት ብሎ የሚታይበት አንደኛ ነው። ከፍ ያለው ቦታ ብቻ የተፋተገው ሁለተኛ፣ መልኩ የጠፋው ሦስተኛ፣ የተበሳ ወይም ማንጠልጠያ የተበየደበት አራተኛ ነው። በጠርዙ ዙሪያ ያለው የላቲን ጽሑፍም መታየት አለበት፤ ጠርዙ ተሞርዶ ከሆነ ብሩ ጎድሏል።

እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋበት አንድ ልማድ አለ። ሻጩ ብሩ እንዲያምር በአመድ ወይም በሎሚ ፈትጎ ያበራዋል። ሰብሳቢ ግን የሚፈልገው በዘመን ብዛት የጠቆረውን ነው። የተፈተገ ጠገራ ከአንደኛ ደረጃ በአንድ ጠዋት ወደ ሦስተኛ ይወርዳል፤ የሚመልሰውም የለም። ደላላው ለሻጭ ሊነግራት የሚገባው የመጀመሪያ ምክር «አትጠቢው» የሚል ነው።

ድሪ ግን በዚህ መለኪያ መዳኘት የለበትም። የተበሳ ጠገራ ለብቻው ሲሸጥ አራተኛ ደረጃ ነው፤ በአንጥረኛ እጅ ከተሠራ ሰንሰለት፣ መስቀልና ዶቃ ጋር ሲሆን ግን የራሱ ዋጋ ያለው ጌጥ ነው። ድሪን በጣጥሶ ብሩን በነጠላ የሚሸጥ ነጋዴ በቀዳዳ የወረደውን ሣንቲም ይዞ ጌጡን ጥሏል። ድሪ ሙሉውን ይገዛ፤ ሙሉውን ይሸጥ።

በአንዳንድ ቤት ከማርትሬዛው ጎን የምኒልክ ብር ይገኛል። ይህ በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ መታተም የጀመረው የዐፄው መልክና አንበሳ ያለበት ነው። ክብደቱም የብሩ መጠንም ከማርትሬዛ ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ በሚዛን ብቻ የሚገዛ ሰው ሁለቱን በአንድ ዋጋ ይወስዳል። ባላገሩ ለረጅም ጊዜ ማርትሬዛን ስለመረጠ የምኒልክ ብር በብዛት ከጠገራው እጅግ ያነሰ ነው። ዓመቱም እንደ ማርትሬዛው የቆመ አይደለም። ስለዚህ ለብቻው ተለይቶ መቀመጥ አለበት።

«ገጠር ያለ ነጋዴ ይህን ሁሉ የሚያጣራበት ጊዜ የለውም» የሚል መልስ ይሰማ ይሆናል። ሚዛን፣ አጉሊ መነጽር፣ ብርጭቆና ክር ግን ትልቅ ካፒታል አይጠይቁም። ለአንድ ብር የሚያስፈልገው አምስት ደቂቃ ነው። አንጥረኛውም ለሥራው ብር ስለሚያስፈልገው ሦስተኛውንና ነጠላ የሆነውን አራተኛ ደረጃ ይውሰድ፤ አንደኛውን ማቅለጥ ግን የአውንስ ዋጋ ለማግኘት የሰብሳቢ ዋጋ ማቃጠል ነው።

ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስብ ሰው ደግሞ ከገዢው በፊት ሕጉን ይጠይቅ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። የያዘው ዕቃ በዚህ ውስጥ መግባት አለመግባቱን ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ሳያረጋግጥ በሻንጣ የሚሸከም ነጋዴ ትርፉ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ሣጥኖች የሚወጣው ጠገራ ተሽጦ ካለቀ በኋላ ሌላ አይተካውም። ብሩ ሲወጣ ተመዝኖ፣ ደረጃው ለባለቤቷ ተነግሮና ዋጋው በደረጃው ተቆርጦ ይውጣ። ዛሬ እውነቱ የተነገራት ሻጭ ነገ ድሪዋን ይዛ የምትመጣው ወደዚያው ነጋዴ ነው።