ለነዳጅ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ለጠመኔ ለምን አይቆጠርም?

አስኮ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ወንድሞችና እህቶች፣ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። እዚህ ሰፈራችን ያለ ትምህርት ቤት ጠመኔ ቢያልቅበት ምን ያደርጋል? ሰው መርካቶ ይልካል፤ በታክሲ ሄዶ በዚያው ቀን ይመለሳል። በየዳ ወይም ጃን አሞራ ያለውስ? ያው ጠመኔ ከደባርቅ ተነስቶ የሰሜንን ተራራ መሻገር አለበት። መኪና ከቆመበት ወዲያ ደግሞ አህያ ነው። ኪራዩ ከማን ኪስ ይወጣል? ከዚያችው ከትምህርት ቤቱ ብር!

ያቺ ብርስ እንዴት ትሰላለች? ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ድጎማ፣ ግራንት የሚባለው፣ ዋና መለኪያው የተማሪ ቁጥር ነው። ይቆጠራል፣ ይባዛል፣ ይላካል። «እኩል ነው» ይሉናል። እኩል ብር ግን በየቦታው እኩል ጠመኔ አይገዛም። የገጠሩ ትምህርት ቤት ተማሪው ጥቂት ሲሆን ደግሞ ብሩ ያንሳል፤ የሚያፈሰው ጣሪያ ግን አያንስም።

«ርቀት ማስላት ከባድ ነው» እንዳትሉን። መንግሥት አሳምሮ ያውቅበታል። የነዳጅ ዋጋ ሲወጣ የአዲስ አበባና የሌላው ከተማ አንድ አይደለም፤ የማጓጓዣው ልዩነት ይገባበታል። ሠራተኛ ቆላ ሲመደብ የበረሃ አበል አለ። ለቦቴ የተቆጠረው ኪሎ ሜትር ለመጽሐፍ ሲሆን ለምን ይረሳል? አውስትራሊያ እንኳ ለራቀና ለትንሽ ትምህርት ቤት በተማሪው ሒሳብ ላይ ጭማሪ በሕግ አስቀምጣለች።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች 1,328ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ምክንያቱ ርቀት ብቻ ነው አንልም። ግን «ተማሪው ሰነፍ ነው» ለማለት የሚቸኩል ሁሉ መጀመሪያ መጽሐፉ ደርሶት እንደሆነ ይጠይቅ።

የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ቁርስና ምሳ ይበላል፣ ዩኒፎርም ይሰጠዋል። እሰየው! ከማንም ይነጠቅ አላልንም። የተራራው ልጅም የዚህችው አገር ልጅ ነው ነው ያልነው። ይህ ልመና አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያስገድደዋል።

ጥያቄያችን ግልጽ ነው፦ የድጎማው ቀመር ውስጥ ርቀት ይግባ! መንገድ ላልደረሰው ትምህርት ቤት የማጓጓዣ ወጪው ለብቻው ይያዝ!

አገር ቤት መምህር የሆነ ወንድም፣ እህት፣ ዘመድ ያላችሁ ዛሬውኑ ደውሉ። ጠመኔ በስንት ይገዛሉ? ለማድረስስ ስንት ይከፍላሉ? ስም ሳትጠቅሱ ወረዳውንና ዋጋውን ኮሜንት ላይ አስቀምጡ። እነሱ ያልቆጠሩትን ኪሎ ሜትር እኛ እንቁጠረው። ሼር!